አራት ብልቃጥ

ጥቅምት 8

ለእህቴ ለድምቡሼ፣

ሰላምታዬ ደብዳቤያችንን ከሚያመላልሰው ሹፌር አውቶቡስ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ «እኔም እስማታለሁ በልልኝ» ብላለች። ራስሽ ጻፊላት ስላት እጄ እርጥብ ነው አለችኝ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር ወረቀት ባየች ቁጥር እጇ እርጥብ ነው።

ፔርሙሱ በሰላም ደርሷል። በረዶው ቀልጦ ነበር፤ ውሃው ግን ገና ቀዝቃዛ ስለነበር ሁለቱም የኢንሱሊን ብልቃጦች አልተጎዱም። እንደ ወትሮው ባለሱቋ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ከለስላሳ ጠርሙሶቹ ኋላ አስቀምጣልኛለች። ባለፈው አንድ ደንበኛ በጣቱ እያሳየ «ያቺ ትንሿ ስንት ነች?» ብሏት ስትስቅ ዋለች። ዋጋዋን ብነግረው ጥማቱ እዚያው ይቆረጥለት ነበር።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልስ ልስጥ። ስኳሬን በየጠዋቱ እለካለሁ። ሰኞ 112፣ ማክሰኞ 110፣ ረቡዕ 114፣ ሐሙስ 111፣ ዓርብ 112። ሐኪም ቢያየው ያጨበጭብልኛል። መርፌውንም ጠዋትና ማታ ሳላዛንፍ እወጋለሁ።

እግርህ ምን ሆነ ላልሽው፣ ምንም አልሆነም። ሹፌሩ «ያነክሳል» ካለሽ ዓይኑን ከእኔ ላይ ያንሳና መንገዱን ይይ። ለራሴ አዲስ ጫማ ሠርቼ ጠበበኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ለምን አትደውልም ብለሽ ተቀይመሻል። ስልክ ላይ አፌ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ደግሞ አንቺ ሥራ ቦታ ስልክ ክልክል ነው፤ ማደሪያሽ ስትገቢ ሦስት ሴቶች ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁሻል። ምን ልናወራ ነው? ወረቀት ይሻላል።

ገንዘብ ልጨምርልህ ወይ ላልሽው ግን በጭራሽ። አልቸገረኝም። ሥራ አለ፤ ሰው እስከሄደ ድረስ ጫማ ያልቃል። ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እልና እረሳዋለሁ። የአንዳንዱ ብልቃጥ ወረቀት ጥጉ ለምንድን ነው የሚላጠው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 27

ጋሼዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ እንዳልጀምር ደህና ነኝ ብለህ ቀድመህ አፌን ዘግተኸዋል። እኔም ደህና ነኝ። ከማድረቂያ ማሽኖቹ አንዱ ተበላሽቶ የሆስፒታሉን አንሶላ ሁሉ በገመድ እያሰጣን ነው። ድምቡሼ ማለቱን ግን ተው። እዚህ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ስም ቢያነብ ደብዳቤው የሌላ ሰው ይመስለዋል።

የወረቀቱ ነገር ቀላል ነው። መድኃኒቱን ለሠራተኛ በቅናሽ ይሰጡናል ብዬህ የለ? የሆስፒታሉ ማኅተም ስላለበት ነው የምልጠው፤ በር ላይ ጥያቄ እንዳይበዛብኝ። አንተ እሱን ትተህ ውጋው።

ጫማ ጠበበኝ ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ፣ አንተ? የሰውን እግር በዓይንህ ለክተህ የምትሠራ ሰው ለራስህ የጠበበ ጫማ? ይህን ለሰዓት ሠሪው ጎረቤትህ ብትነግረው ደስ ብሎት ይሞታል። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

የስኳር ክፍሏን ነርስ ጠየቅኳት። «ስኳር ያለበት ሰው እግሩ እየደነዘዘ ይሄዳል። ቢቆስልም አያመውም፤ ስላላመመው ደህና የሆነ ይመስለዋል» አለችኝ። ካልሲህን አውልቀህ የውስጥ እግርህን በመስታወት እይ። ጫማ ከማጥለቅህም በፊት ውስጡን በእጅህ ዳብስ። ይህን ለታካሚው ሁሉ ነው የሚነግሩት፤ አንተን ግን የሚያስተምር የለም፤ ሥራህ ነው።

አባታችን ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል ወጥተህ የእሱ ወንበር ላይ የተቀመጥከው እኔ እንድማር ነበር። የተማርኩት ከአንሶላ ማጠብ ባያልፍም አልረሳሁትም። ስለዚህ ቸገረኝ ብትለኝ ምንም ውርደት የለበትም። እትዬን ሳምልኝ፤ እርጥብ እጇንም።

እህትህ


ኅዳር 5

ለእህቴ፣

በመስታወት እይ ስላልሽኝ ነው ይህን የምጽፈው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ጢሜን ስላጭ እንኳ መስታወት ማየት አስጠልቶኛል።

ጫማው አልጠበበኝም። አዲስ ጫማም አልሠራሁም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአንድ አስተማሪ ሶል እየመታሁ ነበር። እንደምታውቂው ሚስማሮቹን በከንፈሬ ይዤ አንድ በአንድ እያወጣሁ ነው የምመታው። ሰዓት ሠሪው የተለመደ ቀልዱን ጣለ፤ ሳቅኩ፤ አንዷ ሚስማር ከአፌ ወደቀች። ፈለግኳት፣ አጣኋት፣ ተውኳት። ከወንበሩ ሥር ያወለቅኩት የራሴ ጫማ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ረግጫት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ካልሲዬን ሳወልቅ አልለቅ አለኝ። ሚስማሯ እስከ ራሷ ገብታለች። ምንም አላመመኝም። ሊያስፈራኝ የሚገባው ይህ ነበር፤ እኔን ግን ያኔ ያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ጫማ ከማስረከቤ በፊት እጄን እስከ አንጓዬ አስገብቼ ውስጡን እዳብሳለሁ። ሚስማር ወጋኝ ብሎ የመጣ አንድ ሰው የለም። የራሴን ግን አንድ ቀን ዳብሼው አላውቅም። የማን ጫማ ነው ብዬ?

አሁን ድኗል። ለስላሳ የገበር ቆዳ ቆርጬ፣ መሃሉን ቀድጄ፣ ቁስሉ ወለሉን እንዳይነካ አድርጌ ጫማዬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ሐኪም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይሠራም። ለማንም እንዳትነግሪ ግን። ሰዓት ሠሪው ከሰማ ዕድሜ ልኬን መቀለጃው ነኝ፤ ደንበኞቼ ከሰሙ ደግሞ ጫማቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

የሳምንቱ ቁጥሬ 111፣ 113፣ 112፣ 110፣ 112 ነው። ፔርሙሱን ለሹፌሩ መልሻለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ጋሼ፣

ስለ ሚስማሩ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ሳነበው ሳቅ አልመጣብኝም፤ ይህን እወቅልኝ።

ቁጥሮችህን ለነርሷ አሳየኋት። አትቆጣኝ። ወረቀቱን አየችና «እንዲህ ያማረ ቁጥር በሥራ ዘመኔ አላየሁም» አለች። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል «ይህ ሰው ወይ ስኳር የለበትም ወይ መለኪያ የለውም» ብላ ጨረሰችው። የእውነት ስኳር አንድ ቀን 190፣ በማግስቱ 95፣ ከዚያ ደግሞ ያለምክንያት 240 ነው፤ እንደ ደመወዝ ልክ አይመጣም አለችኝ። የመለኪያው ስትሪፕ መቼ ነው ያለቀው፣ ጋሼ?

አንድ ያልነገርኩህ ነገር ልንገርህ። እዚህ ማክሰኞ የእግር ቀን ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ከአንሶላው ነው ያወቅኩት። ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚመጣው ጥቅል ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል። ሙቅ ውሃ ከነካው ደሙ ስለማይለቅ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውስጥ እነክረዋለሁ። እግራቸው የተቆረጠውን በምን እንደጀመራቸው ስጠይቅ በትንሽ ነገር ነው ይሉኛል፤ ውሃ በቋጠረ ተረከዝ፣ ሲቆረጥ ሥጋ በነካ ጥፍር፣ በእሾህ።

ስለዚህ የምጠይቅህን አንድ በአንድ መልስልኝ። ቁስሉ ከዳነ ለምን አሁንም ታነክሳለህ? ቀለሙ ምን ይመስላል? ሽታ አለው? በቀን ስንት ትወጋለህ? የመጪውን ወር ሁለት ብልቃጥ ልኬልሃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እኔ እከፍላለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

ለእህቴ፣

ብልቃጦቹ ደርሰዋል። አመሰግናለሁ።

አንቺ አንሶላ አጣቢ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም። አፍንጫሽን ጠርጌ ያሳደግኩሽ ልጅ ዛሬ ተነስተሽ ልትመረምሪኝ አይገባም። ለማንም አትንገሪ ብዬሽ የእኔን ጉድ ይዘሽ በየነርሱ መዞርሽ አሳፍሮኛል። እከፍላለሁ ደግሞ ትያለሽ፤ በምንሽ? ራስሽ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ተጠጋግተሽ ነው የምታድሪው።

እግሬ ደህና ነው። ቁጥሬም ደህና ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ጋሼ፣

አንሶላ አጣቢ ነሽ ያልከውን አነበብኩ። ነኝ። ደፍሬህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ሌላ ነገር ጻፊ ስላልከኝ ስለ ዝናብ ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር፤ ሁለት መስመር ጽፌ ቀደድኩት።

ሹፌሩ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አፈረ። ቁጭ አድርጌ አወጣጣሁት። እትዬ መናኸሪያ ድረስ መጥታ «ለእህቱ ንገርልኝ» ብላዋለች። መጻፍ ስላልቻለች አይደለም፤ የባሏን ገመና በእጇ ጽሑፍ ማስፈር አቅቷት ነው። «የእግሩን ሽታ ሱቅ ውስጥ ማስቲሹ ይሸፍንለታል። ቤት ሲገባ ግን መስኮት ከፍተን ነው የምንቀመጠው» አለች። ከዚያ አንተ ራስህ ሽታው ስለገባህ የማስቲሹን ቆርቆሮ ቤት ይዘህ መምጣት ጀምረሃል፤ ክዳኑን ከፍተህ አልጋህ ሥር ታስቀምጠዋለህ። እሷም እንዳላየች ትሆናለች። ሁለታችሁም ያንን እየማጋችሁ ትተኛላችሁ። ይህን ስሰማ አልቅሼ ሹፌሩን አስደነገጥኩት።

ሌላም ነገር አለ። እትዬ ባለሱቋን ስታናግራት ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁልጊዜ ያለው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው ብላታለች። እኔ በየወሩ ሁለት ነው የምልከው።

ሁለተኛው የት ነው፣ ጋሼ?

እህትህ


ታኅሣሥ 19

ድምቡሼ፣

ሁለተኛው ተሽጧል። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ አንድ፤ በድምሩ አራት ብልቃጥ። የገዛኝ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ የሚቆም ደላላ ነው። ይኸው ጻፍኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋጠችኝም፤ ስለዚህ የቀረውንም ልጻፈው።

ቁስሉ አልዳነም። ድኖም አያውቅም። መስከረም ላይ ሲያመረቅዝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። በሁለት ቀን አንዴ እየመጣህ ይታጠብ አሉኝ። ፋሻውን ግዛ፣ ጎዙን ግዛ፣ አዮዲኑን ግዛ፤ የሚያጥበኝ ሰው እጁ ላይ የሚያጠልቀውን ጓንት ሳይቀር እኔ ነኝ የምገዛው። በዚያ ላይ ለአሥር ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። አሥሩ ቀን አለቀ፤ ሌላ አሥር ቀን አሉኝ። የሱቁ ኪራይ ተበላ፤ ለቆዳ ያስቀመጥኩት ተበላ። ስትሪፑ ያኔውኑ ነው ያለቀው፤ ቁጥሮቹን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የፈጠርኳቸው። 112 ለምን እንዲያ እንደወደድኳት አላውቅም።

አንቺን ልጠይቅ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። ግን ለምን አስፈለገህ ብትይኝ የገዛ ሚስማሬ ወጋኝ ልበል? አልቻልኩም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት ብልቃጥ አለ፤ በአንዱ ግማሽ ግማሽ እየወጋሁ ወሩን እገፋለሁ፤ ቁስሉ ሲድን ወደ ልኩ እመለሳለሁ አልኩና አንዱን ሸጥኩት። ገንዘቡ ለፋሻ ሄደ። መድኃኒቱን ስቀንስ ስኳሩ ወጣ፤ ስኳሩ ሲወጣ ቁስሉ ባሰ፤ ቁስሉ ሲብስ ፋሻው በዛ፤ እንደገና ሸጥኩ። ሞኝነቱ አሁን ስጽፈው ነው የታየኝ። ያኔ ግን ብልህ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንሶላ አጣቢ ብዬ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አቃጥይው። ያንን የጻፍኩ ዕለት አራተኛውን ሸጬ መምጣቴ ነበር፤ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በመስታወት አየሁት። ትንሿ ጣቴና ከጎኗ ያለችው ጠቁረዋል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 23

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ከማጠቢያው ክፍል ኋላ ቆሜ አነበብኩት። ተናደድኩ። አልደብቅህም፤ በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄብህ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልንገርህና የምትፈርድብኝን ፍረድ።

ለሠራተኛ የሚደረግ ቅናሽ የሚባል ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም። መጀመሪያ በደመወዜ ገዛሁ፤ ሦስተኛው ወር ላይ አቃተኝ። ስኳር የነበረበት ሰው ሲሞት ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልተከፈተ መድኃኒት ይተርፋል። አልጋው ሲለቀቅ አንሶላውን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ ማን እንደሞተ ቀድሜ አውቃለሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ጓደኛዬ ሰፈሩን ትነግረኛለች። ሳምንት እቆይና ለቅሶ ደራሽ ሆኜ እሄዳለሁ። እቀመጣለሁ፤ አለቅሳለሁ፤ አንዳንዴ የእውነቴን ነው። ሰው ሲቀንስ ወደ ባለቤቱ ወይ ወደ ልጁ ጠጋ ብዬ «ሆስፒታሉ የተረፈ መድኃኒት ለድሆች ይሰበስባል» እላለሁ። ለወንድሜ ነው ብዬ አላውቅም። አፌ እንቢ አለኝ። ወንድሜ መድኃኒት መግዣ የለውም ከምል የሆስፒታል መልእክተኛ መባል ቀለለኝ።

አንዲት እናት ብልቃጡን ስታወጣልኝ «ለሚቀጥለው ወር ብዬ ነበር የገዛሁለት» አለችኝ። አንድ ቤት ደግሞ የሟቹ ልጅ አወቀኝ። «የአባቴን አንሶላ ያነሳሽው አንቺ ነሽ» አለኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት። አንገቴን ደፍቼ ስወጣ በር ድረስ ተከተለኝና ሁለት ብልቃጥ እጄ ላይ አስቀምጦ ፊቱን አዞረ። እነዚያ የጥቅምቶቹ ናቸው። አንዱን ሸጠኸዋል።

የምልጠው የሆስፒታል ማኅተም አይደለም፤ የሰዎቹን ስም ነው።

ተናድጄ ስጨርስ ግን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ገና መጀመሪያ ከየት እንደማመጣው ብነግርህ ኖሮ አትሸጠውም ነበር። አንተም ሚስማሩን ያኔ ብትነግረኝ ሐኪም ዘንድ ጎትቼ እወስድህ ነበር። ጣቶችህ ጠቁረዋል ካልክ ከእንግዲህ የሚቆጠረው ቀን ነው። ደብዳቤውን አስቀምጥና ተነስ። ወደ ጤና ጣቢያው ሳይሆን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂድ። ማስቲሹን እቤት ተወው።

እህትህ


ጥር 2

ለእህቴ፣

ሄጄ ነበር። ባለቤቴ በአንድ ጎን፣ ሰዓት ሠሪው በሌላ ጎን ይዘውኝ። ለሰዓት ሠሪው ሁሉንም ነግራዋለች፤ ሚስማሩንም። የሚቀልድብኝ መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ስጠብቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ተማሪዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ስንት ጊዜ ሆነህ አለኝ። አራት ወር አልኩት። ከሁለት ወር በፊት ብትመጣ ሁለቱን ጣት ብቻ አንስተን እንሸኝህ ነበር አለ። አሁን መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፤ ሳምንት ካለፈ ደግሞ ለእግሩ ሳይሆን ለነፍስህ ነው የምንሠጋው አለኝ። የሚፈረም ወረቀት ሰጠኝ።

አልፈረምኩም። ተነስቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ፈሪ ነው ብለሽ አታስቢ፤ ለእግሬ አይደለም። ቀዶ ጥገናው አለ፣ አልጋው አለ፣ ደሙ አለ፣ ከዚያ በኋላ ክራንቹ አለ። ይህ ሁሉ ተከፍሎም ስኳሩ እዚያው ነው፤ ብልቃጡ በየወሩ እንዳለ ነው። ደላላውን ሄጄ አንዱን እንኳ መልስልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። አሁን የእኔን እግር መቁረጫ ከየት ልታመጪ ነው? ስንት ለቅሶ ቤት ልትገቢ ነው? ያቺ እናት ማቀዝቀዣዋን ስትከፍት እያየሁ ነው የምውለው። የሟች መድኃኒት ሸጬ ጓንት የገዛሁ ሰው ነኝ። ይብቃኝ ብዬ ነው የወጣሁት።

ወንድምሽ


ጥር 4

ጋሼ፣

ፈርም።

ይብቃኝ ማለት አትችልም። ለሌላው ነገር ሁሉ አፍረህ ይሆናል፤ ለዚህ ግን እኔ አልፈቅድልህም። ወደ አንተ ለመምጣት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ እስኪፈቅዱልኝ ሳምንት ነው፤ አንተ ደግሞ ሳምንት የለህም።

ከየት ልታመጪ ነው ትለኛለህ። እኔ እንጃ። ግን ስንት እንደሚያስፈልግህ በሕይወትህ አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም፤ እንዴት አድርጌ ልፈልገው? ሁልጊዜ «አልቸገረኝም» ነው። እኔም አላምንህም፣ አንተም እንደምትዋሽ ታውቃለህ፤ ሁለታችንም እየተሳሳቅን ይኸው አራት ወር ሄደ። ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ሹፌሩ እስክትጽፍ ደጃፍህ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪ ቢጮህበትም ይቆማል፤ ነግሬዋለሁ።

እህትህ


ጥር 21

እህቴ፣

ሹፌሩን ያለ መልስ ስለሰደድኩት ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ዕለት ትኩሳት ይዞኝ ብዕር መጨበጥ አልቻልኩም። ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ ባለቤቴ ናት። «ፈርም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሁለተኛውን ከራሷ ጨምራ መሰለኝ። ፈረምኩ።

ቆርጠውታል። ከጉልበቴ በታች አንድ ስንዝር ተኩል ቀርቷል። እንደምትመጪ ሐኪሙም ያውቃል፤ አልጋዬ በመስኮቱ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ስታይው እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኔ ደንግጬ አልቅሻለሁ። ባለቤቴ ፊት፣ ሰዓት ሠሪው ፊት፣ ምግብ የምታድለዋ ሴት ፊት።

ባለቤቴ እዚህ ክፍል ለተኛው ሁሉ የሚስማሩን ታሪክ ነገረች። ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ማንም አልሳቀም። ከጎኔ ያለው የሌሊት ዘብ እግሩን ለምድጃ አስጠግቶ ሲሞቅ ነው የነደደው፤ የተሰማው ሽታው ነው። ከወዲያ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ራሱ ጥሎ ራሱ ረገጠው። እሱም ለሚስቱ ድንጋይ ነው ብሎ ሁለት ወር ዋሽቷል። ሁላችንም እዚህ የደረስነው አፍረን ነው። ይህን ማወቄ ሐፍረቴን አላጠፋውም፤ ብቻዬን አለመሆኔን ግን ነግሮኛል።

ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ ብለሽ ነበር። እንግዲህ ስሚኝ፤ ቸግሮኛል። ለሆስፒታሉ የቀረብኝ የአሥራ አንድ ቀን አልጋ ነው፤ ሰዓት ሠሪው ሳልጠይቀው ግማሹን ከፍሏል። በወር ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ ስልሳ መርፌ፣ ሁለት ጥቅል ስትሪፕ ያስፈልገኛል። ስትሪፑ ሲያልቅ አልቋል ብዬ እጽፍልሻለሁ እንጂ ቁጥር አልፈጥርም። ዛሬ ጠዋት 263 ነበር። ክራንች ያስፈልገኛል፤ ያገለገለም ቢሆን። የቀረችውን እግሬን ሐኪም በየወሩ ሊያያት ይገባል፤ ለዚያም የሚከፈል አለ። ከዚህ ውስጥ እኔ የምችለው፣ ወንበሬ ላይ ስመለስ፣ መርፌውንና ስትሪፑን ነው። የቀረውን አልችልም። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ግሎብኛል፤ ግን ጻፍኩት።

ለቅሶ ቤት መሄድሽን ተዪ ልልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል፤ መድኃኒቱ ያስፈልገኛል። ነገር ግን ከእንግዲህ ለሆስፒታሉ ነው አትበዪ። ወንድሜ ነው በያቸው። ጫማ ሠሪ ነው፣ አንድ እግሩ ተቆርጧል፣ መግዣ አጥቷል በያቸው። የላካችሁለትን ሸጦ ያውቃል፣ እኔም ሲሸጥ አላየሁትም ነበር በያቸው። ቢከለክሉሽም፣ ቢሰጡሽም፣ ማን እንደሆንኩ አውቀው ይሁን።

ወንድምሽ